አማቴን ያንጋለለው ወንበር

የሀገሬ ወንድ ለአሮጌ መኪናው ያለውን ትዕግሥት ግማሹን ለሚስቱ ቢሰጥ ኖሮ፣ ሽማግሌ የሚባል ሁሉ ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውል ነበር! አዎ፣ ብያለሁ። የተቆጣ ይቆጣ። ተቆጥታችሁ ስትጨርሱ ግን አንዲት ጥያቄ መልሱልኝ፤ ሚስታችሁ ጠዋት ስታኮርፍ "አይዞሽ፣ ቀስ በይ፣ እስክትሞቂ እጠብቅሻለሁ" ብላችኋት ታውቃላችሁ? መኪናችሁንስ?... ተያዛችሁ!

እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከሱቄ ሌላ ሁለት ነገር አለኝ፤ ባለቤቴ የሺ እና አንዲት አሮጌ ሃርድቶፕ መኪና። (ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ይህን ጽሑፍ እሷም ታነበዋለች።) መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ቀለሟም በአንድ ዘመን ነጭ ነበር ይባላል። ከኋላ በግራና በቀኝ ጎኗ ሁለት ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ነበሯት። ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚቀመጥባቸው። በዚያ ኮረኮንች መንገድ እስከ ከላላ ከተማ በእነሱ ላይ የሄደ ሰው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ መቀመጫው አብሮት መውረዱን በእጁ ዳብሶ ማረጋገጥ ነው። እንዲያም ሆኖ በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ስንቱ ተዋወቀ፣ ስንቱ ተጣልቶ ታረቀ፣ የስንቱ ስንቅ ተፈትቶ ለማያውቁት ሰው ተቆረሰ!

ታዲያ ሰው ጥጋብ አይችልም። አንድ ቀን ለሱቅ ዕቃ ላመጣ ደሴ ሄጄ፣ የተጋጩ መኪኖች ዕቃ በሚሸጥበት ሰፈር ሳልፍ አምስት ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ግራጫ ናቸው፤ ራስ መደገፊያ አላቸው፤ በጎናቸው ያለችውን ማንሻ ሳብ ስታደርጓት ወደ ኋላ ይንጋለላሉ። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ወገቤ ወንበሩን "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለው።

"ከምን መኪና የወጡ ናቸው?" አልኩት ሻጩን።

"ከሚኒስትር መኪና።"

"ሚኒስትሩስ?"

"እሳቸውም ወጥተዋል።"

ከዚህ በኋላ መከራከር ምን ያደርጋል? አስጭኜ መጣሁ። የሺ በር ላይ ቆማ ሲወርዱ አየች። የእኔ ሚስት ሲከፋት አትጮህም፤ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ያን ቀን ድምጿ ከመሬት በታች ነበር።

"እንግዳ ሲመጣብን ከጎረቤት በርጩማ የምንዋስ ሰዎች... ለመኪና ሶፋ ገዛህላት?"

"ሶፋ አይደለም እኮ፣ የመኪና ወንበር ነው።"

"ለእኔስ መቼ ነው የምትገዛልኝ?"

"አንቺ ደግሞ መቼ ትቀመጫለሽ?"

አምላክ ምስክሬ ነው፣ ታታሪነቷን ማድነቄ ነበር! እሷ ግን እንደዚያ አልገባትም። ሦስት ቀን ሙሉ እራት አቅርባልኝ ዞር እያለች ከሬዲዮው ጋር ብቻ ስታወራ ሰነበተች።

ወንበሮቹን የሚገጥመው ማን ነው? ሰይድ በያጁ ነዋ! በከተማችን ሰይድ ያልበየደው ነገር የለም፤ የግቢ በር፣ የብረት አልጋ፣ የምጣድ ክዳን፣ አንድ ጊዜም የራሱን ቁልፍ ከራሱ ቁልፍ ቀዳዳ ጋር በይዶት ያውቃል። ሰይድ "አብሽር" ካላችሁ መጨነቅ ጀምሩ።

"ሰይዶ፣ ቀዳዳዎቹ እኮ አይገጥሙም" አልኩት።

"ማን ይገጥማሉ አለህ? እኛ እናጋጥማቸዋለን። አብሽር!"

አግዳሚዎቹን ፈቶ አወጣና ሱቄ ደጃፍ አስቀመጣቸው። በምትካቸው አራቱን ወንበሮች ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ፊታቸውን ወደ ሾፌሩ አዙሮ በቡሎን አሰራቸው። አምስተኛዋ የጋቢናዋ ነች። እሷ ግን ቡሎን አልቀበል አለች። ሰይድም ከሥሯ አንግል ብረት አንጥፎ፣ ከፍ አድርጎ በየዳት። "ይቺ እንግዲህ ከመኪናዋ ጋር ትቀበራለች" አለኝ በኩራት። ቀጥሎ ዞር ብዬ ሳይ፣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲያንገጫግጨው የሚይዛትን ያቺን የጥንት የብረት እጀታ ከፊት ለፊት ነቅሎ መሬት ጥሏታል።

"እሷን ለምን ነቀልካት?"

"ወንበሯ ከፍ ስላለች ጉልበት ትመታለች። ደግሞስ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መያዣ የሚፈልግ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

አሁን ወደ አማቴ እንምጣ። እትዬ ዘውዴ የከላላ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ነጠላቸው አንድ ቀን ተዛብቶ አልታየም። እኔና እሳቸው ከሠርጌ ጀምሮ በወጉ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ጠብ አይደለም፣ አክብሮት ነው፤ አማችና አማት እንዲያ ነው። ሰላምታ ስንለዋወጥ እሳቸው ትከሻዬን ያናግራሉ፣ እኔ ጫማቸውን።

ሳምንት እኛ ዘንድ ሰንብተው ወደ ከላላ ሲመለሱ፣ በአዲሱ ወንበር ካላደረስኳቸው ብዬ ድርቅ አልኩ። በክብር ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ከኋላቸው ጋሽ ይመር ተቀመጡ። ጋሽ ይመር የከተማችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለሴት ሰላምታ የሚሰጡት ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ነው። እሳቸውም ከላላ ጉዳይ ነበራቸው። የሺ ገበያ ውስጥ ለእናቷ ስንቅ የሚሆን ነገር ልግዛ ብላ ቀድማን ወጥታለች።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ገበያው መሃል ስንደርስ ጤፍ የጫነ አህያ ፊቴ ድንቅር አለ። ፍሬን ያዝኩ። እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ወደ ፊት ላኩ፣ የጥንቷን እጀታ ፍለጋ። የለችም። ወደ ጎን ላኩ። እዚያ አንዲት ማንሻ አገኙና "በስመአብ!" ብለው ባላቸው ጉልበት ሳቧት።

ወንበሯ የሚኒስትር አይደለች? ትእዛዝ አላስደገመችም! እትዬ ዘውዴ እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ራሳቸው ከነሻሻቸው ጋሽ ይመር ጭን ላይ!

ጋሽ ይመር ሁለት እጃቸውን እንደሚፈተሽ ሰው ወደ ጣሪያው ሰቀሉ።

"እግዚኦ! አልነካሁም! ሰው ሁሉ ይይልኝ፣ እጄ እዚህ ነው!"

"አንሱኝ እንጂ!" ይላሉ እትዬ ዘውዴ።

"እንዴት ብዬ ላንሳዎት? ልንካዎት?"

"እንዳይነኩኝ!"

"እንግዲያው ይነሱ!"

እኔስ? እኔማ አማቴን በእጄ ነክቼ ላነሳ ነው? ከዚያ ይልቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው የኔ ቢጤውን ነው። ገበያተኛው እህሉን ትቶ ከበበን። አንዱ "ምጥ ነው፣ ጤና ጣቢያ አድርሷቸው!" ይላል፤ በእሳቸው ዕድሜ! ሌላዋ ደግሞ "ወይኔ እትዬ ዘውዴ!" ብላ ደረቷን መድቃት ጀምራለች። ዓይኔን ስገልጥ የሺ በሩን ከፍታ፣ እናቷን አቅፋ አንስታ፣ ነጠላቸውን እያስተካከለችላቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንተ ከወንበርህ ጋር ኑር።"

እናቷን ይዛ በሚኒባስ ከላላ ሄደች።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ብዬ ጠበቅኩ። ስልክ አታነሳም። በመጨረሻ በሰው ላከችብኝ፤ "እናቴ በገበያ ፊት ተዋርዳለች። እሷ አፉ ብላ ይቅር ካላለችህ አልመጣም።" እናቷ ደግሞ ስሜ ሲነሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ አሉ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ናፈቀችኝ። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስወጣ "የሺ፣ ቁልፉን!" እላለሁ፤ ቁልፉ በእጄ ነው። እራት ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ እንደ እሷ ላወራው ሞከርኩ፤ ከእኔ ጋር ማውራት አልፈለገም መሰለኝ ባትሪው አለቀ። አንዳንዴ ወጥቼ ከእነዚያ ለስላሳ ወንበሮች አንዱ ላይ እቀመጣለሁ። ይመቻል። ለብቻ የሚቀመጡበት ምቾት ግን ምን ዋጋ አለው?

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። እንደ ሀገራችን ወግ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ መሆን አለበትና፣ መምሬ አያሌውንና ሼህ ሙሄን ለመንኩ። ሦስተኛው ጋሽ ይመር ናቸው። "እኔማ የግድ እሄዳለሁ፤ እጄ የት እንደነበረ የሚመሰክር ከእኔ ሌላ ማን አለ?" አሉ። በጠዋት ሱቄ ደጃፍ ተገናኘን። መኪናዋን አጥቤ አዘጋጅቻታለሁ። በሩን ከፈትኩ።

"መምሬ፣ ጋቢና ይግቡ" አልኩ።

መምሬ አያሌው ወደ ወንበሯ አዩ። ወንበሯም አየቻቸው። "ኧረ ሼሁ እያሉ! በዕድሜ ይበልጡኛል።"

"ምነው መምሬ" አሉ ሼህ ሙሄ፣ "ለእርስዎ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ከላላ የምደርሰው? አላህ አይበለው!"

"ጋሽ ይመርስ?"

"እኔ በዚያች ወንበር ዙሪያ አልታይም" አሉ ጋሽ ይመር።

ይሁን፣ ጋቢናዋ ትቅር ተባለ። ከኋላ አራት ወንበር አለ፤ ሦስት ሰው ናቸው። ምን ችግር አለው ትሉኛላችሁ አይደል? ችግሩማ ሁለት ከፊት ከተቀመጡ አንዱ ከኋላ ይቀራል፤ ሁለቱ ለአንዱ ጀርባ ሊሰጡ ነው! "እርስዎ ከፊት ይሁኑ።" "በሞቴ እርስዎ!" "ወላሂ አይሆንም!" "በማርያም ይዤዎታለሁ!" መምሬ ከፊት ገብተው ሼሁን ከኋላ ሲያዩ ይወርዳሉ፤ ሼሁ ከፊት ሲገቡ ጋሽ ይመር ከኋላ ናቸውና ይወርዳሉ። አንድ ጊዜማ መምሬ አያሌው ጀርባ ላለመስጠት ወንበሩ ላይ ተንበርክከው፣ ራስ መደገፊያውን አቅፈው ወደ ኋላ ዞረው ተቀምጠው ነበር። "እንዲህ ሆኜ እሄዳለሁ" አሉ። ገና ሞተር ሳላስነሳ ጉልበታቸውን አመማቸው። ፀሐይዋ ከፍ አለች። እኔ ሚስቴን ላጣ ነው፣ እነሱ ክብር ይለዋወጣሉ!

በመጨረሻ ሼህ ሙሄ ደክሟቸው ሱቄ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። መምሬ አጠገባቸው ተቀመጡ። ጋሽ ይመር ትይዩ ያለው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ። ሦስቱም እፎይ አሉ። ሼህ ሙሄ የተቀመጡበትን እንጨት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ይህ ከየት የመጣ ነው?"

"ከ... ከመኪናዋ የወጣ ነው" አልኩ።

"እና ምን ትጠብቃለህ?"

ሰይድ ተጠራ። አራቱ ወንበሮች ተፈቱ፤ ሌላ ቦታ የለኝምና ተሸክመን ሳሎን አስገባናቸው። አግዳሚዎቹ በቦታቸው ተመለሱ። የጋቢናዋ ወንበር ግን እንደተባለችው ከመኪናዋ ጋር የምትቀበር ነችና ባዶዋን አጠገቤ ተቀምጣ ሄደች።

እናንተዬ፣ ያን ቀን የገባኝን ልንገራችሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ከከተማ ሳንወጣ ወሬ ጀመሩ። የኔን ነገር አነሱ፣ ጣሉ፣ ገለበጡ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ አንዱ ሲዋሽም ሌላው ዓይኑን ያየዋል። ያንን ግራጫ ወንበር ላሠራው ሚኒስትር የፊቱን ሰው ማጅራት ማየት ይበቃው ነበር መሰለኝ። በየስብሰባ አዳራሹም ሁሉም አንዱ የአንዱን ማጅራት እያየ ተቀምጦ ነው "በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል" ተብሎ የሚወጣው። የእኔ ሽማግሌዎች ግን በሙሉ ድምፅ የተስማሙት ከላላ መግቢያ ላይ ነው፤ የተስማሙትም ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ነው።

እትዬ ዘውዴ ቤት ስንገባ ከደጅ ያነሳሁትን ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። "እማዬ፣ አፉ ይበሉኝ" አልኩ ለጫማቸው። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ጋሽ ይመር እጃቸው የት እንደነበረ እጃቸውን ሰቅለው አሳዩ። የሺ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ከስታለች።

እትዬ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን ትተው ዓይኔን አዩኝ።

"ድንጋዩን አውርደው። የከላላ ድንጋይ ምን አጠፋ? እኔ የተንጋለልኩት በገበያ ቀን፣ በገበያ መሃል ነው። አንተም በዚያችው ወንበር፣ በገበያ ቀን፣ በገበያ መሃል ተንጋለህ ትዙር። አንድ ዙር። ከዚያ አፉ ብዬሃለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፊት ለፊት ነበር የተቀመጡት፤ ብዙ አልፈጀባቸውም።

"ፍርዱ የቀና ነው" አሉ መምሬ አያሌው።

"ወላሂ ልክ ናቸው" አሉ ሼህ ሙሄ።

"እኔም እስማማለሁ" አሉ ጋሽ ይመር፣ "ጭን ግን አላዋጣም!"

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሳቃቸውን ሲደብቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ታዲያ እሱ ከተንጋለለ መኪናውን ማን ይነዳል?" አሉ መምሬ።

"እኔ" አለች የሺ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የሺ መንጃ ፈቃድ አላት። ሳንጋባ ደሴ ያወጣችው ነው። "ልንዳ" ባለችኝ ቁጥር "ይቺ መኪና አመለኛ ናት፣ ለሴት አትሆንም" እያልኩ ስመልሳት፣ ወረቀቱ ሣጥን ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እኔ አላውቅም። እሷ ታውቃለች።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማንሻዋን ሳብኳት፤ ተንጋለልኩ። ተንጋሎ ለሚያየው ሰው መካነ ሰላም ሌላ ከተማ ናት፤ የመኪና ጣሪያ፣ የሰማይ ቁራጭ፣ በመስኮት አጎንብሶ የሚያይ ፊት ብቻ። "ውይ፣ ምን ሆኖ ነው?" "ታሞ ነው?" "ተፈርዶበት ነው!" "እሰይ!" ይላል ገበያተኛው። ሰይድ ከጎናችን እየሮጠ "አየህ? ይመቻል አላልኩህም?" እያለ ይጮሃል። እትዬ ዘውዴ ከኋላ አግዳሚው ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ ንግሥት ግራ ቀኝ ሰላምታ ይሰጣሉ።

የሺስ? አመለኛዋ መኪና አንድ ጊዜም አላጓራችባትም። እኔ ስቀይር ድንጋይ እንደሚፈጭ የሚያንጓጓው ማርሽ፣ እሷ ስትቀይረው ትንፍሽ አላለም። ገበያውን ዞረን ጨረስን። ከኋላ "አፉ ብዬሃለሁ፣ ልጄ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ልነሳ ስል መኪናዋ እንደገና ወደ ገበያው ታጠፈች።

"የሺ! የተፈረደብኝ እኮ አንድ ዙር ነው!"

"አንዱ የእማዬ ነበር" አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ድምጿ ዝቅ አላለም፤ የድሮው ድምጿ ነው። "ይሄኛው የሶፋው ነው።"

ምን ይባላል? ሚስቴ አጠገቤ ናት፣ አማቴ ታርቀውኛል፣ አራቱ ወንበሮች ሳሎን ፊት ለፊት ተደርድረው እንግዳ ይጠብቃሉ። መልሼ ተጋደምኩ። ሦስተኛው ዙር የምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።